ቅጠሉም ደረቀ፣ እኔም ደከምኩ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ለመጻፍ ግን ብዙ አመነታሁ። ሰው ስንት ከባድ ችግር እያለበት እኔ ስለ ቅጠልና ስለ ድስት ልጽፍልዎት ነውና አፈርኩ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቤቷ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጥ ነበር። ብርድ ሲገባ ምድጃዋ ላይ ሾርባ አይጠፋም። ሙቀት ሲመጣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ ናና የተነከረበት ቀዝቃዛ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ድስት ከመጣዷ በፊት ጓሮ ወጥታ የሆነ ቅጠል ይዛ ትመለሳለች። እኔ ግን የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። ያለኝ አንድ ጠባብ በረንዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ልጆቼም እንደዚያ ያለ ቤት ይኑራቸው ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። ፖቶች ገዝቼ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ናናና ድንብላል በአንድ ቀን ተከልኩ። የሳምንቱን ምግብ በዝርዝር ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ስልኬ ላይ የማያቸው ሴቶች ሁሉም ነገር ይሰምርላቸዋል። የእኔ በሶብላ ግን ብርድ ሲመጣ ጠቆረ። ሮዝመሪውን በየቀኑ እያጠጣሁት ደረቀ። ድንብላሉ ገና በቅጡ ሳልቀነጥሰው አበባ አወጣ። ጦስኙም ቢጫ ሆኖ ሞተ። የተረፈኝ ናናው ብቻ ነው።

ልጆቹ «አረንጓዴው ነገር ይውጣልኝ» ይላሉ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ታሽጎ እየተሸጠ ምን አደከመሽ?» ይለኛል። ባለፈው እሁድ ከጠዋት ጀምሬ ሳበስል ቆይቼ ትንሿ ልጄ ሳህኑን ገፋችው። ጮህኩባት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ቤታችንን እየረበሸ ነው፣ ተይው» አለኝ።

ልተወው? ከተውኩት እናቴን ዳግመኛ የማጣት ይመስለኛል። ልቀጥል ብል ደግሞ አቅሙ የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጽናናቱን ይስጥሽ። ሁለት ዓመት ከውጭ ለሚያየው ረጅም ነው፤ እናቱን ላጣ ሰው ግን ትናንት ነው። ስለ ቅጠልና ስለ ድስት መጻፍሽም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቤት ስትገቢ የሚቀበልሽ ሽታ፣ ማታ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ነገር፣ ብርድ ሲመጣ የሚለወጠው ልማድ፣ እነዚህ ሁሉ የዕለት ኑሯችን ናቸው። በእነሱ መጨነቅ ተገቢ ጭንቀት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ከተውኩት እናቴን ዳግመኛ የማጣት ይመስለኛል» ያልሽበት ቦታ ላይ። እኔ እንደሚመስለኝ የድካምሽ ምንጭ እዚህ ጋ ነው። አንድ የበሶብላ ችግኝ ሲደርቅበት ሌላ ሰው ነቅሎ ይጥለውና ይረሳዋል። አንቺ ግን ለእናትሽ የገባሽውን ቃል ያፈረስሽ ይመስልሻል። ልጅሽ የገፋችው የሾርባ ሳህን ነው። አንቺ ጋ የደረሰው ግን የእናትሽ እጅ እንደተገፋ ሆኖ ነው። ስለዚህ ማልቀስሽ አልገረመኝም። ያን ያህል ሸክም በአምስት ፖትና በአንድ እሁድ ላይ ሲጫን ማንም ይደክማል።

እስቲ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፣ ለራስሽ ብቻ አስቢበት። የእናትሽን ቤት ስታስቢ ቀድሞ የሚመጣልሽ ነገር የቱ ነው? የናናው ሽታ ነው? የተከፈተው መስኮት ነው? ወይስ እሷ ከጓሮ ስትመለስ የነበራት ፊት? ሽታ ከሌሎች ስሜቶች በተለየ አጭር መንገድ ትዝታና ስሜት ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል ይደርሳል። ለዚህ ነው አንድ ቅጠል በጣትሽ ስታሺ ድንገት ልብሽ የሚሞላው። ምናልባት አምስቱንም ቅጠል ላያስፈልግሽ ይችላል። አንዱ ብቻ እናትሽን ያመጣልሽ ይሆናል።

ሌላም ልጠይቅ። እናትሽ ያንን ጓሮ ለማልማት ስንት ዓመት ፈጀባት? አንቺ ትዝ የሚልሽ ከለማ በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት፣ የደረቀባትን፣ ያረረባትን፣ አንቺ ሳህን የገፋሽባትን ቀን አታስታውሽውም። ልጅ የእናቱን ቤት የሚያውቀው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። የምታወዳድሪው ያንቺን የመጀመሪያ ዓመት ከእሷ የብዙ ዓመት ልምድ ጋር ነው፤ እሷ መሬት ነበራት፣ አንቺ በረንዳ ነው ያለሽ። ስልክሽ ላይ የምታያቸውን ሴቶች ደግሞ ለጊዜው ተያቸው። ቪዲዮው ያለቀውን ሳህን እንጂ የቆሸሸውን ድስት አያሳይም። ካደከሙሽ ለአንድ ወር ያህል አትክፈቻቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ልተወው ወይስ ልቀጥል ብለሽኛል። ሙሉ በሙሉ ብትተይው ለጥቂት ሳምንታት ትንፋሽ ታገኛለሽ፤ ግን ደብዳቤሽን የጻፈችው ሴት በዚህ የምትረካ አልመሰለኝም። እንዳለ ብትቀጥይ ደግሞ ባለቤትሽ ያየው ነገር እውነት ነው፤ ቤቱ ይረበሻል። እኔ ሁለቱንም አልመርጥልሽም። አሳንሺው ነው የምልሽ። በጣም አሳንሺው። አንድ ፖት እና በሳምንት አንድ ማታ።

ፖቱን አሁን መግዛት የለብሽም፤ አለሽ። ናናው አልሞተም። ያ ሁሉ ሲደርቅ እሱ የቆመው ያንቺ ሁኔታ ስለሚስማማው ነው። ናና እርጥበት ይወዳል፣ ጥላም ይችላል፣ የተረሳ ቀንም ይቅር ይላል። ከሌላ ተክል ጋር ግን አታዋህጂው፤ ከአፈር በታች እየተሳበ ጎረቤቱን ያጣብባል። ለብቻው አስቀምጪው፣ ሲያድግ ጫፍ ጫፉን ቅጠፊ። በተቀጠፈ ቁጥር ወደ ጎን ይበዛል። በአንድ ጊዜ ግን ከሲሶው በላይ አትውሰጂ።

ሌሎቹ ለምን እንደሞቱ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም «እጄ አይባርክም» ብለሽ እንዳትደመድሚ እፈራለሁ። ሮዝመሪና ጦስኝ ደረቅ፣ ድንጋያማ፣ ፀሐያማ ቦታ የለመዱ ናቸው። በየቀኑ ሲጠጡ ሥራቸው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ሥሩ ከበሰበሰ ውሃ ወደ ላይ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይደርቃል። አንቺ ደግሞ ደርቆ ስታይው ጠማው ብለሽ ትጨምሪለታለሽ። ስንቱ ሰው ሮዝመሪ የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። ከልብሽ ስለተንከባከብሽው ሞተ ማለት ነው፣ ችላ ስላልሽው አይደለም። ወደፊት ጣትሽን 3 ሴንቲሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ አስገቢ። እርጥበት ከተሰማሽ አታጠጪ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። የፖቱ ሥር ቀዳዳ ይኑረው፤ ከሥሩ ሳህን ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ድፊው። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ፖት ውስጥ ይጠነክራል፣ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅይበት።

በሶብላ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ምንም ብታደርጊለት። ተፈጥሮውም የአንድ ወቅት ተክል ነው። ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ትዘሪዋለሽ። ከመደብር በፖት የምትገዢው ከሆነ ብዙ ጊዜ በርካታ ችግኝ ታጭቆበት ነው የሚሸጠው። በጥንቃቄ ከፋፍለሽ በሦስት በአራት ፖት ብትተክይው ዕድሜው ይረዝማል። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ የታችኛውን ቅጠል አንስተሽ ውሃ ውስጥ ብታቆሚው ደግሞ ሥር ያወጣል። ልጆች ይህን ማየት በጣም ይወዳሉ፣ በብርጭቆ ውስጥ ስለሚታይ።

ድንብላሉ ምንም አልሆነም። ሙቀት ሲሰማው ቶሎ ማበብ ጠባዩ ነው። ሁነኛው ዘዴ ቀዝቀዝ ባለ ወቅት በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እዚያው በሚያድግበት ፖት መዝራት ነው፤ ችግኙን ማዛወር አይወድም። ካበበ ደግሞ አትንቀዪው። ዘሩ እስኪደርቅ ጠብቂው። ግማሹን ለቅመም፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ዘር ታደርጊዋለሽ።

ይህን ሁሉ ስነግርሽ ነገ ሄደሽ አምስቱንም ግዢ ማለቴ አይደለም። ናናው ለሁለት ወር ያህል ብቻውን ይቆይ። ከዚያ አንድ ጨምሪ። የቱን? መጀመሪያ ላይ የጠየቅሁሽ ጥያቄ መልስ የሚሰጥሽን።

ስለ ምግቡ ደግሞ፣ ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽውን ዝርዝር ዛሬውኑ አንሺው። እየሠራሽ፣ ልጆች እያሳደግሽ ሰባቱንም ማታ በወቅቱ ልክ ማብሰል የሚጠበቅብሽ አይደለም። አንድ ማታ ምረጪ። እሁድን ግን አልመክርሽም፣ አሁን እሁድ ላይ መጥፎ ትዝታ አለ። የሥራ ቀን ይሁን፣ ምግቡም ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ። ብርድ ከሆነ የምስር ሾርባ በቂ ነው። ክክ ምስር መንከር አያስፈልገውም፤ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲጣድ 20 ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ይበስላል። ሙቀት ከሆነ ደግሞ የተቀቀለ ድንች በትንሽ ዘይትና ሎሚ፣ ከጎኑ እርጎ በኪያርና በናና። ያው ነው። በየወቅቱ ሁለት ምግብ ብቻ ብትለምጂና እነሱን እየደጋገምሽ ብታቀርቢ፣ ልጆችሽ ካደጉ በኋላ «በብርድ ጊዜ እናታችን ሁልጊዜ...» ብለው የሚያነሱት እነዚያን ሁለቱን ይሆናል። ልጅ የሚያስታውሰው የተደጋገመውን ነው። አንቺ ራስሽ የእናትሽን ሾርባ ያስታወስሽው ስለተደጋገመ አይደል?

ስለ ቅጠሉ አጨማመር አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። ጦስኝና ሮዝመሪን የመሰሉ ጠንካራ ቅጠሎች ከመጀመሪያው ድስቱ ውስጥ ገብተው ቀስ ብለው ይበስላሉ። በሶብላ፣ ናናና ድንብላልን የመሰሉ ለስላሳዎች ግን እሳቱ ሲጠፋ ይገባሉ፤ ከበሰሉ ሽታቸው ይጠፋል። ደረቅ ቅጠል ስትጠቀሚ ከእርጥቡ ሲሶ ያህል በቂ ነው፣ ጉልበቱ ይበልጣል።

የተረፈሽን ለሌላው ወቅት ማስቀመጥም ከባድ አይደለም። ጦስኝ፣ ሮዝመሪና ናና በትንንሽ እስር ታስረው ፀሐይ በማይነካው፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ቁልቁል ሲሰቀሉ አንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርቃሉ። በሶብላና የድንብላል ቅጠል ሲደርቁ ጣዕማቸው ይከዳል፤ እነሱን ከትፈሽ ከዘይት ጋር በበረዶ ማውጫ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። እርጥብ ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ያምራል፣ ግን አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ በጠረንም በመልክም አይታወቅም። ፍሪጅ ውስጥ አድርገሽ በ4 ቀን ውስጥ ጨርሺው፣ አለዚያ ፍሪዘር ይግባ።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅሽ። መጮህሽ ከነከነሽ፣ ዝም ብለሽ አትለፊው። ከጎኗ ቁጭ በይና «የዚያን ቀን ጮህኩብሽ፣ አጠፋሁ፣ ደክሞኝ ነበር» በያት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋትም። የ5 ዓመት ልጅ አዲስ ጣዕም መግፋቷ አንቺን መግፋቷ አይደለም፤ ብዙ ልጆች አንድን ምግብ ለመቀበል አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊቀርብላቸው ይገባል። አረንጓዴውን ድስት ውስጥ አትጨምሪው። በትንሽ ሳህን ለብቻው ጠረጴዛው መሃል አድርጊው፣ የፈለገ ይነስንስ። ናናውን የመቅጠፉን ሥራም ለእሷ ስጪያት። በእጇ የቀጠፈችውን ቅጠል ማሽተት ትጀምራለች፣ አንድ ቀን ትቀምሰዋለች። ባትቀምሰውም ምንም አይደለም። ትልቁ ልጅ ደግሞ ለብርጭቆው በሶብላ ኃላፊ ይሁን፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ የሚለውጥ።

ከሁሉም የከበደኝ የባለቤትሽ ነገር ነው። «ተይው» ሲልሽ የሰማሽው «እናትሽን ተያት» ብሎ ነው፣ አይደል? እሱ ግን ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እናትሽ ለእኔ በደንብ ነግረሽኛል። ለእሱስ ነግረሽዋል? እሱ የሚያየው ሚስቱ ከሥራ ደክማ መጥታ ስትለፋ፣ ከዚያም ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ ነው። ከሚያየው ተነስቶ የመጣለት መፍትሔ ማስቆም ሆነ። አልተሳካለትም፣ ግን ከክፋት አልመነጨም፤ አንቺም ይህን ራስሽ ብለሽዋል።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጠብ ባልነበረበት ቀን አናግሪው። ስለ ፖትና ስለ ወጪ አትጀምሪ። ስለ እሷ ጀምሪ። «እማዬ ትናፍቀኛለች። ቅጠሉን የምተክለው፣ ሾርባውን የምሠራው ቤታችን እሷን እንዲሸት ፈልጌ ነው። ደክሞኛል፣ ግን ሙሉ በሙሉ መተው አልፈልግም» ብትይው በቂ ነው። ከዚያ አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቂው። «በዚያ ማታ ልጆቹን አንተ ያዝልኝ» ወይም «ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ» የሚል። «አግዘኝ» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ታሽጎ የሚሸጠውን ቅጠል ግዢ፣ እሱም ምንም ነውር የለበትም። እዚህ ላይ የእሱ ሐሳብ ትክክል ነው፣ ትክክል መሆኑን ብትነግሪውም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልፈልግም። የሚያስለቅስሽ ኩሽናው ብቻ ነው? እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ከበዛ፣ ቀድሞ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ከደበዘዘብሽ፣ ሐዘኑ ከቅጠሉ በላይ ሌላ ሰሚ ይፈልጋል ማለት ነው። እናትሽን በደንብ ከምታውቅ ዘመድ ጋር ተቀምጠሽ ስለ እሷ አውሪ። እሱ ካልበቃ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየትን አትሸሺው። ሁለት ዓመት ሆኖኛል ብለሽ «አሁንማ ማለፍ ነበረበት» እንዳትይ።

በዚህ ሳምንት እንግዲህ ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ዝርዝሩን ከፍሪጁ ላይ አንሺ፣ ባለቤትሽን ደግሞ አናግሪ። ማብሰሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። ሌላ ቅጠል ለመጨመር ስትዘጋጂ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ በረንዳሽ በቀን ለምን ያህል ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ እንደሚያገኝ መዝግበሽ ላኪልኝ። ለ6 ሰዓታትና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ከሆነ ጦስኙን እንደገና እንሞክራለን። ከዚያ ካነሰ ጥላ የሚችለውን ፓርስሊ እመርጥልሻለሁ።